ዊንዶውስ ሲጫን ከሚመጣው ዝርዝር የቱን ልምረጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊንዶውስ 10ን ወይም 11ን ከአይኤስኦ ፋይል (ዊንዶውስን ከነመጫኛው ከያዘ አንድ ፋይል) ስትጭኑ መሃል ላይ ስለሚመጣው የእትሞች ዝርዝር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ከቀላሉ ጀምረን።

ያወረድኩት አንድ ፋይል ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ዊንዶውስ ከየት መጣ?

ፋይሉ አንድ ነው፣ ውስጡ ያሉት እትሞች ግን ብዙ ናቸው። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚወርደው የዊንዶውስ 11 አይኤስኦ ሆም፣ ሆም ኤን፣ ሆም ሲንግል ላንጉጅ፣ ኢዱኬሽን፣ ፕሮ፣ ፕሮ ኢዱኬሽን፣ ፕሮ ፎር ወርክስቴሽንስ እያለ ይደረድራል። አብዛኞቹ ፋይሎች የጋራ ስለሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የየእትሙ ልዩነት ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ዝርዝር በአንድ ፋይል ውስጥ የሚጠቃለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝርዝሩ የሚመጣው "ፕሮዳክት ኪ የለኝም" የሚለውን ተጭናችሁ ስታልፉ ነው። ፕሮዳክት ኪውን፣ ማለትም የላይሰንሱን ቁልፍ፣ ካስገባችሁ ግን አይጠይቃችሁም፤ የቁልፉን እትም ራሱ ይመርጣል።

ነገሩን ሳናንዛዛ፣ የቱን ልጫን?

ኮምፒውተሩ ቀድሞ የነበረውን። ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ። ላይሰንሱ የሚያውቀው ያንን እትም ብቻ ነው። ሆም ላይሰንስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ፕሮ ብትጭኑ መጫኑን ይጫናል፤ አክቲቬት ግን አይሆንም (ላይሰንሱ አይጸድቅለትም)።

ምንም ላይሰንስ የሌለው፣ ለምሳሌ ተገጣጥሞ የተሠራ ዴስክቶፕ ከሆነና ልትገዙለት ካሰባችሁ፣ ለቤት፣ ለተማሪና ለአነስተኛ ቢሮ ሆም ይበቃል። ፕሮ ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ አያስፈልጋችሁም። በአሜሪካ ዋጋ ዊንዶውስ 11 ሆም 139 ዶላር፣ ፕሮ 199.99 ዶላር ነው። የ61 ዶላር ያህሉ ልዩነት ራም መጨመሪያ ቢሆን ይሻላል።

ፕሮ ከሆም ይፈጥናል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። ዎርድ፣ ክሮም፣ ፎቶሾፕ፣ ጌም በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራሉ። የቫይረስ መከላከያውም ዝማኔውም አንድ ነው። "ፕሮ ጫንኩልህ" ሲባል የምንደሰተው ስሙን ሰምተን ነው።

ልዩነቱ ያለው ተጨማሪ መሣሪያዎቹ ላይ ነው። ፕሮ ከሌላ ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲገባበት ያስችላል፤ ሆም ወደ ሌላ መግባት ይችላል እንጂ ራሱን ከፍቶ አይቀበልም። ፕሮ የመሥሪያ ቤት ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ ከአንድ ቦታ የሚታዘዙበት መረብ) ውስጥ ይገባል። ቢትሎከርን (የዲስክ መመስጠሪያውን) ሙሉ በሙሉ የምታዙበት መሣሪያ፣ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር (የዊንዶውስ ደንቦች ማስተካከያ)፣ ሃይፐር ቪ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ) እና ዊንዶውስ ሳንድቦክስም (ፕሮግራም ለይቶ መሞከሪያ) ያሉት ፕሮ ላይ ነው። ሆም እስከ 128 ጊጋባይት ራም፣ ፕሮ እስከ 2 ቴራባይት ይቀበላል፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለን ሰዎች ይህ ወሬ ብቻ ነው።

ሰው ልብ የማይለው አንድ ልዩነት ግን አለ። ዊንዶውስ 11 ሆም መጀመሪያ ሲከፈት ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ፕሮም "ለግል" ካላችሁት እንዲሁ ይጠይቃል። "ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት" ብላችሁ ከቀጠላችሁ ግን፣ በመግቢያ አማራጮቹ ውስጥ ዶሜይን የሚለውን መርጣችሁ ተራ የዩዘር ስምና ፓስዎርድ መፍጠር ትችላላችሁ። ብዙ ኮምፒውተር በአንዴ ለሚጭን ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ላፕቶፑ የትኛው እትም እንደነበረው በምን አውቃለሁ?

ፎርማት ከመደረጉ በፊት ከሆነ ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። ወደ ታች ስትወርዱ ኢዲሽን ከሚለው ጎን እትሙ ተጽፏል። ዊንዶውስ 11 ላይ እዚያው ሲስተም ሥር አክቲቬሽን የሚለውንም እዩት። አክቲቬት የሆነው በዲጂታል ላይሰንስ መሆኑን፣ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር መያያዝ አለመያያዙንም ይነግራችኋል። ሁለቱንም ገጾች በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ኮምፒውተር ቤት የምትወስዱት ከሆነ ደግሞ ፎቶውን ለሠራተኛው አሳዩት።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነስ? ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ትልልቆቹ አምራቾች ቁልፉን ላፕቶፑ ሥር በሚለጠፍ ወረቀት ላይ መጻፍ ትተዋል። ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ባዮስ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ፍላሹን ሰክታችሁ መጫን ብትጀምሩ ጫኚው ራሱ ያነበዋል፤ ዝርዝሩን ሳያሳይ ካለፈ የላፕቶፑን እትም አግኝቷል ማለት ነው።

ያገለገሉ ላፕቶፖችን በተመለከተ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ወጥተው እኛ ጋ የሚደርሱት ላቲትዩድ፣ ቲንክፓድና ኤሊትቡክ አብዛኞቹ የፕሮ ቁልፍ ባዮሳቸው ውስጥ አላቸው። ሻጩ ክራክ አድርጎ (ያለ ላይሰንስ በሕገ ወጥ ፕሮግራም ከፍቶ) ቢሰጣችሁም እውነተኛው ላይሰንስ ከሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ አይኤስኦ ጭናችሁ ኢንተርኔት ስታገናኙት ራሱ አክቲቬት ሲሆን ታዩታላችሁ።

ስሙ መጨረሻ ላይ "ኤን" ያለበት ምንድን ነው?

እሱን ዝለሉት። ኤን የሚለው እትም ሚዲያ ማጫወቻውና ከሥሩ ያሉት የሚዲያ ክፍሎች የወጡለት ነው። የመጣው ከፍርድ ጉዳይ ነው፦ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ሚዲያ ፕሌየርን ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ በመሸጥ ገበያውን ይዟል ብሎ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ሚዲያ ፕሌየር የሌለው ዊንዶውስም እንዲያቀርብ አዘዘው። ዋጋው ግን ስላልቀነሰ ፈልጎ የሚገዛው ሰው እምብዛም ነው።

በስህተት ከጫናችሁት ቪዲዮ አልከፍት ይላል፣ ካሜራ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ይቸገራሉ፣ አንዳንድ ጌም አይነሳም። ሰውም ድራይቨር ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ሚዲያ ፊቸር ፓክን በነፃ አውርዶ መጨመር ነው። ጀርመን ወይም ስዊድን ሆናችሁ የኤን ቁልፍ ከገዛችሁ ግን መጫን ያለባችሁ ኤንን ነው፤ የኤን ቁልፍ ተራውን ፕሮ አይከፍትም።

ሲንግል ላንጉጅ ከጫንኩ አማርኛ መጻፍ አልችልም?

ትችላላችሁ። ሲንግል ላንጉጅ የሚገድበው የዊንዶውሱን የራሱን ቋንቋ ነው፦ ሜኑውን፣ መልእክቶቹን፣ ሴቲንግሱን። ኪቦርድ ላይ ምንም ገደብ የለውም። የአማርኛ ኪቦርዱን ከላንጉጅ ሴቲንግ ጨምራችሁ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ እየተጫናችሁ ትቀያይራላችሁ። ፓወር ግዕዝ የለመደም ያው እንደለመደው ይቀጥላል።

ሲንግል ላንጉጅ ለብቻው አይሸጥም። በአንዳንድ አገሮች ገበያ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ የመጣ ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ብታገኙት አይግረማችሁ። እንደዚያ ከሆነ ስትጭኑ ከዝርዝሩ ሆም ሳይሆን ሆም ሲንግል ላንጉጅን ምረጡ፤ ለላይሰንሱ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አይኤስኦውን ስታወርዱም ቋንቋውን አስተውሉ። በአረብኛ ሲንግል ላንጉጅ የጫነ ሰው በኋላ ሜኑውን ወደ እንግሊዝኛ ልቀይር ቢል አይችልም፤ እንደገና መጫን ነው ዕጣው።

ኢዱኬሽን፣ ፕሮ ኢዱኬሽን፣ ወርክስቴሽንስ የሚሉትስ?

ኢዱኬሽንም ፕሮ ኢዱኬሽንም የትምህርት ተቋማት ናቸው። የኢዱኬሽን አቅም ለድርጅቶች ከሚሸጠው ከኢንተርፕራይዝ እትም ጋር ይቀራረባል፤ ቁልፉን የሚሰጣችሁ ተቋማችሁ ነው። ተማሪ ስለሆናችሁ ብቻ ይህን መምረጥ የለባችሁም። ተቋሙ ቁልፍ ካልሰጣችሁ ኢዱኬሽን ለእናንተ የተዘጋ በር ነው። ፕሮ ፎር ወርክስቴሽንስ እስከ 4 ፕሮሰሰርና እስከ 6 ቴራባይት ራም ላላቸው ከባድ ማሽኖች ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ይህን ገጽ አያነብም።

24ኤች2፣ 25ኤች2 የሚሉት ቁጥሮችስ? ኤክስ64ስ?

24ኤች2 የሚለው እትም ሳይሆን ቨርዥን ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ የወጣ ማለት ነው። ሆምም ፕሮም እያንዳንዳቸው 24ኤች2 አላቸው። ሁልጊዜ የቅርቡን አውርዱ። ዊንዶውስ 11 ላይ አንድ ቨርዥን ለሆምና ለፕሮ 24 ወር፣ ለኢንተርፕራይዝና ለኢዱኬሽን 36 ወር የደኅንነት ዝማኔ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ መሻገር ግድ ነው።

ኤክስ64 ማለት 64 ቢት ነው፤ ኤክስ86 የሚለው ደግሞ 32 ቢት። ዊንዶውስ 11 ለ32 ቢት ፕሮሰሰር ጭራሽ የለም። ዊንዶውስ 10 ሁለቱም አለው፤ 32 ቢቱ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም። 8 ጊጋባይት ራም ገዝቶ 32 ቢት ማስጫን ግማሹን መጣል ነው። ኤአርኤም የሚለው እንደ ስናፕድራገን ያለ ፕሮሰሰር ላላቸው ላፕቶፖች ነው፤ አይኤስኦውም ለብቻው ይወርዳል።

ማሽኔ አሮጌ ነው። 10 ይሻለኛል ወይስ 11?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ ማይክሮሶፍት ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደኅንነት ዝማኔ አመቻችቷል፤ ለዚያ ግን ተመዝግቦ መግባት ያስፈልጋል። ማሽኑ 11ን የሚችል ከሆነ 11ን ጫኑ።

የሚችል ማለት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ነገር የሚከለክል) ያለው ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ይሆናል። ትውልዱ ከፕሮሰሰሩ ስም ይነበባል፦ አይ5 8250ዩ ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ 8 ነውና 8ኛ ነው፤ አይ5 7200ዩ ከሆነ 7ኛ ነውና አያልፍም። ማለፊያ ዘዴዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራምም የመጫኛ ፍላሹን ሲያዘጋጅ ያንን ምርጫ ያቀርብላችኋል። ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን የዝማኔ ዋስትና አልሰጥም ብሏል። ለፊልምና ለትምህርት ማሽን ይሁን፤ የሱቅ ሒሳብ ለያዘ ኮምፒውተር ግን እኔ አላደርገውም።

ፕሮ ፈልጌ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ሆም ጫነብኝ። ለምን?

ባዮሱ ውስጥ የሆም ቁልፍ ስላገኘ ነው። ይህ በተለይ የሚያበሳጨው ላፕቶፑ ከሆም ጋር መጥቶ እናንተ በኋላ ገንዘብ ከፍላችሁ ወደ ፕሮ ያሳደጋችሁት ሲሆን ነው። ባዮሱ ያሳደጋችሁትን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፋብሪካ የወጣበትን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እንደገና ይጭናል። አያስፈልግም። ሆሙን ጭናችሁ ጨርሱ፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት፣ ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን ገብታችሁ የፕሮ ቁልፋችሁን አስገቡ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ በዚያው አካውንት ግቡና ትራብልሹት የሚለውን ተጫኑ።

ከመጀመሪያው ዝርዝሩ እንዲመጣላችሁ ከፈለጋችሁ ፍላሹ ላይ ሶርስስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ ይበቃል። ስሙ "ኢአይ" ነው፤ ከነጥቡ በኋላ "ሲኤፍጂ" ይባላል፤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። በውስጡ አራት መስመር ይገባል፦ በማዕዘን ቅንፍ "ቻነል"፣ ከሥሩ "ሪቴይል"፣ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ "ቪኤል"፣ ከሥሩ ዜሮ። እነዚህም በእንግሊዝኛ ፊደላት። ሰው የሚሳሳተው ፋይሉን ሲያስቀምጥ ነው። ኖትፓድ ከስሙ ኋላ የራሱን "ቲኤክስቲ" ይቀጥልበታል፤ ዊንዶውስም ያንን ቅጥያ ደብቆ ስለሚያሳይ ስሙ ትክክል ይመስላል። ስታስቀምጡ የፋይል ዓይነቱን "ኦል ፋይልስ" አድርጉት።

ሆም ከጫንኩ በኋላ ወደ ፕሮ መሻገር እችላለሁ? ከፕሮ ወደ ሆምስ?

ወደ ላይ መውጣት ቀላል ነው። ቁልፉን ታስገባላችሁ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ሁለቴ ጠፍቶ ይነሳል፣ ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም ባለበት ይገኛል። ማሳደጊያው ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ በአሜሪካ 99 ዶላር ነው። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው ተለጥፈው የምታዩአቸው አጠቃላይ የፕሮ ቁልፎች እትሙን ይቀይራሉ እንጂ አክቲቬት አያደርጉም፤ ለመሸጋገሪያ ብቻ ናቸው።

መውረድ ግን በቁልፍ አይሆንም። ከፕሮ ወደ ሆም የሚኬደው ፎርማት አድርጎ በመጫን ነው። ስለዚህ የሆም ላይሰንስ ያለው ማሽን ላይ አንድ ሰው ፕሮ ከጫነባችሁና "አክቲቬት ዊንዶውስ" የሚለው ጽሑፍ በቀኝ ጥግ ከተተከለ፣ ባክአፕ ወስዳችሁ ሆሙን እንደገና መጫን ነው ያለው አማራጭ።

ቴሌግራም ላይ በጥቂት ብር የሚሸጠው ቁልፍ ወይም ክራኩ ምን ችግር አለው?

እነዚያ ቁልፎች ብዙውን ጊዜ ለድርጅት ወይም ለትምህርት ተቋም በጅምላ ከተሰጡ ላይሰንሶች የወጡ ናቸው። ዛሬ ይሠራሉ። ማይክሮሶፍት ሲዘጋቸው ሻጩን አታገኙትም።

ክራኩ የባሰ ነው። መጀመሪያ የሚያዛችሁ ቫይረስ መከላከያውን እንድታጠፉ ነው። ያጠፋችሁለት ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያዝዘዋል፤ የባንክ ፓስዎርድ የምታስገቡበትን ብሮውዘር ጨምሮ። "ጎስት" ወይም "ላይት" እየተባለ ቀድሞ ክራክ ተደርጎ የሚሰጠው አይኤስኦም ያው ነው። ምን እንደወጣለትና ምን እንደገባበት የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከሌለ አክቲቬት ሳያደርጉ መጠቀም ይሻላል። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ይሠራል፤ የደኅንነት ዝማኔም ይወስዳል። የሚቀርባችሁ በዋናነት የጀርባ ምስሉንና ቀለሙን ከሴቲንግስ መቀየር ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍም ይቆያል። አጠቃቀሙ ከላይሰንስ ውሉ ጋር አይስማማም። ለማሽኑ ግን ከክራክ ይልቅ ጤና ነው።

ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ ቀለል ያለ ነው ይሉኛል። እሱንስ?

ኤልቲኤስሲ ለረጅም ዓመታት ሳይቀየር ድጋፍ የሚያገኝ የኢንተርፕራይዝ ዓይነት ነው፤ ስለ ቀላልነቱ የሚባለው እውነትነት አለው። ስቶርም ብዙዎቹ ተደራቢ አፖችም የሉትም፤ በየዓመቱ አዲስ ነገር አይጫንበትም። በዝርዝሩ ውስጥ የማታገኙት ለድርጅቶች በጅምላ ስለሚሸጥና አይኤስኦውም የተለየ ስለሆነ ነው። የዊንዶውስ 10 ኤልቲኤስሲ 2021 ድጋፍ እስከ ጃንዋሪ 2027 እ.ኤ.አ. ይቆያል፤ አይኦቲ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2032 እ.ኤ.አ.። ለዚህ ነው አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ስሙን የሚያነሳው።

የተሠራው ግን ለሆስፒታል መሣሪያ፣ ለኤቲኤምና ለፋብሪካ ማሽን ነው። የግል ላይሰንስ አይሸጥለትም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የምታገኙት ሁሉ በክራክ የሚከፈት ነው፤ ወዳለፈው ጥያቄ መለሰን። ከማይክሮሶፍት ራሱ የሚወርድ የኢንተርፕራይዝ የሙከራ እትም አለ፤ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው።

ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጌ አዲስ ጫንኩ፤ ዲ ድራይቭ ግን ተቆልፎ ቁልፍ ይጠይቀኛል። ሆም ምን ቢትሎከር አለው?

ሆም ቢትሎከርን ሙሉ በሙሉ የምታዙበት መሣሪያ የለውም፤ ከሥሩ ግን ያው ምስጠራ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" በሚል ስም አለው። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ፣ ማሽኑ መሥፈርቱን ካሟላ፣ ሳይጠይቃችሁ ይበራል። ከ24ኤች2 ወዲህ መሥፈርቱ ስለላላ ብዙ ላፕቶፖች ላይ በርቶ ይገኛል። ዲ ድራይቭን ሲከፍትላችሁ የነበረው አሮጌው ዊንዶውስ ነው። እሱ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ።

የሚጠይቃችሁ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ የበራ ከሆነ ቁልፉ አካውንታችሁ ላይ ተቀምጧል፤ በስልካችሁ ብሮውዘር ገብታችሁ ዲቫይሶች ከሚለው ሥር ፈልጉት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው መለያ አካውንቱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ ያንን አይታችሁ ቁጥሩን አስገቡ። አዲሱ ዊንዶውስ ሆም ቢሆንም ይከፍታል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ቁልፉ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ላይ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ካልተገኘ ዲ ላይ ያለውን ፋይል የሚመልስ ጠጋኝ የለም፣ ገንዘብም አትክፈሉ።

ገና ላልጫናችሁ፦ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሥር ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለውን እዩ። በርቶ ከሆነ አጥፉትና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተዉት።